ከታይፔ እስከ ሻንጋይ፦ ስድሳ ዓመት ዙሪያ የተኬደበት መንገድ

ከታይፔ ሻንጋይ በአየር 680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ አሥመራ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። በካርታ ላይ ሻንጋይ ከታይፔ በላይ በስተሰሜን ቀጥ ብላ ትታያለች፤ ከታይፔ የተነሣ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰሜን አቅንቶ የምሥራቅ ቻይናን ባሕር ከተሻገረ ሻንጋይ ይደርሳል። ለጄት አውሮፕላን ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ በረራ ነው። ሆኖም ከ1949 ጀምሮ እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በዚህ ቀጥታ መሥመር አልተመላለሰም። መንገዱ መጀመሪያ ፈጽሞ ተዘጋ፤ ሲከፈትም ቀን ሙሉ የሚፈጅ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ፤ ከዚያ እየተሸራረፈ፣ እየተደራደሩበት አጠረ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የጉዞውን ሰዓት የወሰኑት ፖለቲከኞች እንጂ አብራሪዎች አልነበሩም።

በታይፔ መሐል ከተማ ያለው የሶንግሻን አየር ማረፊያ የተከፈተው በ1936፣ ጃፓኖች ታይዋንን በሚገዙበት ዘመን ነው። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ ደሴቲቱን የቻይና መንግሥት ሲረከብ፣ ነጋዴውና ባለሥልጣኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ልቡ ይመላለስ ጀመር። ግን ብዙም አልቆየ። የኮሚኒስቱ የማኦ ዜዱንግ ጦር ከቻይና መንግሥት ጋር በገጠመው የእርስ በርስ ጦርነት እያሸነፈ ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ የንግድ መንገድ የነበረው የስደት መንገድ ሆነ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1949 የጨረቃ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታይፒንግ የተባለች መርከብ ሰውና ዕቃ ከአቅሟ በላይ ጭና ከሻንጋይ ወደ ታይዋኗ ወደብ ኪሉንግ ተነሣች። በጨለማ መብራቷን አጥፍታ ስትቀዝፍ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ከአንዲት የጭነት መርከብ ጋር ተጋጨች። ሁለቱም ሰጠሙ። ከ1,500 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ሻንጋይ ሜይ 27 ቀን በኮሚኒስቶቹ እጅ ወደቀች። ኦክቶበር 1 ቀን ቤይጂንግ ላይ የሕዝባዊት ቻይና ሪፐብሊክ ታወጀ። ኖቬምበር 9 ቀን ደግሞ ሆንግ ኮንግ ተጠልለው ከነበሩት የሁለቱ የቻይና አየር መንገዶች 12 አውሮፕላኖች በድንገት ተነሥተው ወደ ቤይጂንግና ወደ ቲያንጂን በረሩ፤ አብራሪዎቻቸው ለአዲሱ መንግሥት አደሩ ማለት ነው። ዲሴምበር 10 ቀን የተሸነፈው መንግሥት መሪ ቺያንግ ካይ ሼክ ከቼንግዱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ታይፔ ገባ። ከዋናው የቻይና ምድር ሲወጣ ያ የመጨረሻው ሆነ፤ በ1975 እስኪሞት ድረስ ተመልሶ አልረገጠውም። መንግሥቱን፣ ወታደሮቹንና ዘመዶቻቸውን ወደ ኋላ የተዉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ይዞ ደሴቲቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ደሴቲቱን ከዋናው ምድር በሚለየው በታይዋን ሰርጥ ላይ የሚመላለሰው የጦር አውሮፕላንና የመድፍ ጥይት ሆነ። በ1958 የሕዝባዊት ቻይና ጦር በታይፔ እጅ ያለችውን የኪንመን ደሴት ከባሕሩ ማዶ ደበደባት። ድብደባው ቆይቶ መልኩን ለውጦ በጎዶሎ ቀናት ብቻ የሚተኮስ ሆነና እስከ 1979 መግቢያ ዘለቀ። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ሻንጋይ የቀረች እናት ታይፔ ላለ ልጇ በቀጥታ ደብዳቤ መላክ እንኳ አትችልም ነበር፤ የደፈረ በሦስተኛ አገር ባለ ሰው በኩል በስውር ያስተላልፋል። ወጣት ወታደር ሆኖ የተሻገረው ሁሉ በዚያው አረጀ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ቤይጂንግ የመድፍ ድብደባውን ማቆሟን አስታወቀች። በዚያው ዕለት ለታይዋን ሕዝብ ባስተላለፈችው መልእክት ፖስታ፣ መጓጓዣና ንግድ በቀጥታ ይገናኙ ብላ ጠየቀች። የታይፔው ፕሬዚዳንት ቺያንግ ቺንግ ኩዎ፣ የቺያንግ ካይ ሼክ ልጅ፣ በሦስት እምቢታ መለሰ፦ አንገናኝም፣ አንደራደርም፣ አንስማማም።

ይህን አቋም የነቀነቀው አንድ አብራሪ ነው። ዋንግ ሺ ቹዌ የታይዋኑ ብሔራዊ አየር መንገድ የቻይና ኤርላይንስ ካፒቴን ነበር። የተወለደው ሲቹዋን ውስጥ ሲሆን ቤተሰቡ በዋናው ምድር ቀርቷል። ሜይ 3 ቀን 1986 ከባንኮክ ወደ ሆንግ ኮንግ የሚሄድ የጭነት ቦይንግ 747 እያበረረ ሳለ፣ ረዳቱንና የበረራ መሐንዲሱን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ጓንግዙ ላይ አሳረፈው። እሱ እዚያው ለመቅረት ጠየቀ። ሁለቱ ባልደረቦቹ ግን ወደ ታይዋን መመለስ ፈለጉ፤ አውሮፕላኑም መመለስ ነበረበት። ቤይጂንግ «መጥታችሁ አነጋግሩንና ውሰዱ» አለች። ታይፔ ጥቂት ቀን ካንገራገረች በኋላ፣ ንግግሩ የሁለት አየር መንገዶች እንጂ የሁለት መንግሥታት አይደለም በሚል ስም ሰዎቿን ወደ ሆንግ ኮንግ ላከች። አራት ቀን ተነጋገሩ። ሜይ 23 ቀን አውሮፕላኑና ሁለቱ ሰዎች ተመለሱ። አንገናኝም ያሉት ተገናኝተው፣ አንደራደርም ያሉት ተደራድረው ነበር። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ አብነት የሆነውም ይኸው ነው፤ ባለሥልጣን ከባለሥልጣን ጋር አይቀመጥም፣ አየር መንገድ ከአየር መንገድ ጋር ግን ይቀመጣል።

በማግስቱ ዓመት ያረጁት ወታደሮች ራሳቸው ተነሡ። በ1987 የእናቶች ቀን ታይፔ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ፤ ሸሚዙ ላይ «ቤቴ ናፈቀኝ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሞበታል። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት የተለየኋት እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ልወቅ የሚል ሰው ፊት የሚቆም መንግሥት የለም። ጁላይ 15 ቀን 38 ዓመት የቆየው ወታደራዊ አስተዳደር ተነሣ። ኖቬምበር 2 ቀን ቀይ መስቀል በዋናው ምድር ዘመድ ያላቸውን ሰዎች ማመልከቻ መቀበል ጀመረ። ሰዉ ጎረፈ።

መሄድ ቢፈቀድም ቀጥታ መሄድ ግን አልተፈቀደም። ስለዚህ ጉዞው ይህን ይመስል ነበር። መንገደኛው ማለዳ ተነሥቶ ከታይፔ ወጣ ብሎ ታኦዩዋን ወዳለው ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ 800 ኪሎ ሜትር በርሮ ሆንግ ኮንግ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ በካውሉን ፎቆች ላይ ዝቅ ብሎ፣ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ በመስኮት እየታየ፣ ባሕር ውስጥ በተዘረጋው የካይ ታክ መንደርደሪያ ላይ ያርፋል። ታይፔና ቤይጂንግ አንዱ የሌላውን ፓስፖርት ስለማይቀበል፣ ቤይጂንግ ለታይዋን ሰዎች የምታዘጋጀውን የጉዞ ደብተር ብዙዎቹ እዚያው ሆንግ ኮንግ ካለው የቻይና የጉዞ ወኪል ይቀበላሉ። ሻንጣቸው ውስጥ ለወንድም የእጅ ሰዓት፣ ለእኅትና ለወንድም ልጆች የወርቅ ቀለበት አለ። ከሰዓታት ጥበቃ በኋላ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈሩና ወደ መጡበት ወደ ሰሜን 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሰው ይበራሉ። ሻንጋይ ሲደርሱ መሽቷል። 680 ኪሎ ሜትሩ ከ2,000 በላይ ሆኗል፤ ሰማንያ ደቂቃውም ሙሉ ቀን።

ሆንግ ኮንግ ከዚህ ብዙ አተረፈች። የታይፔና የሆንግ ኮንግ መሥመር በዓለም ላይ ብዙ መንገደኛ ከሚመላለስባቸው ዓለም አቀፍ መሥመሮች በግንባር ቀደምነት የሚጠራ ሆነ። ከዘመድ ጠያቂዎቹ ቀጥለው የመጡት ነጋዴዎች ነበሩ። የታይዋን ጫማ፣ ጃንጥላ፣ ብስክሌት፣ ቆይቶም የላፕቶፕ ኮምፒውተር ፋብሪካዎች ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። በሻንጋይ አቅራቢያ ያለችው ኩንሻን የታይዋን ባለሀብቶች ከተማ ልትባል ምንም አልቀራትም። ሰኞ ጠዋት ታይፔ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ማታ ኩንሻን የሚገባ መሐንዲስ፣ ዓርብ ያንኑ ዙሪያ መንገድ ይደግመዋል። በኖቬምበር 1995 ማካዎ አዲስ አየር ማረፊያዋን ከፈተችና ነገሩ ትንሽ ቀለለ፤ አውሮፕላኑ ማካዎ ላይ አርፎ የበረራ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ ያንኑ መንገደኛ ይዞ ይቀጥላል። ሕጉ ተከበረ፤ መንገደኛውም ከአውሮፕላን አውሮፕላን ከመንከራተት ተረፈ። መንገዱ ግን ያው ዙሪያ ነው።

ታይፔ ለምን እምቢ አለች? ምክንያቷ ተራ ግትርነት አልነበረም። ሰርጡ ጠባብ ነው፤ በጠባቡ ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን መሥመር ተከልሎ የጦር አውሮፕላን ቢመጣ፣ ራዳር አይቶ ለማስጠንቀቅ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። የታይዋን ጦር ይህን ስጋት እስከ ዛሬ አልተወውም። ቤይጂንግ በበኩሏ መሥመሩ የሀገር ውስጥ በረራ ተብሎ ይጠራ አለች፤ ያንን መቀበል ለታይፔ የቻይና አንድ ክፍለ ሀገር ነኝ ብሎ መፈረም ነው። ሁለቱም በእውነት የሚያሳስባቸው ነገር ነበራቸው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሻንጣውን ይዞ የሚቆመው ሰው ነው።

መውጫውን የፈለገው የሦስቱ እምቢታዎች ባለቤት የቺያንግ ቺንግ ኩዎ ልጅ መሆኑ ይደንቃል። የፓርላማ አባል የነበረው ጆን ቻንግ፣ በጨረቃ አዲስ ዓመት ወደ ቤታቸው ለሚመለሱ የሻንጋይ ታይዋናውያን ቻርተር በረራ ይፈቀድ ብሎ በ2002 ሐሳብ አቀረበ። ታይፔ በገደብ ፈቀደች፤ የሚበሩት የታይዋን አየር መንገዶች ብቻ ይሁኑ፣ መንገድ ላይም ሆንግ ኮንግ ወይም ማካዎ ይረፉ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2003 የቻይና ኤርላይንስ አውሮፕላን ገና ሳይነጋ ከታኦዩዋን ተነሣ። ሆንግ ኮንግ ላይ መንኮራኩሩን አስነክቶ፣ ጠዋት ሻንጋይ ፑዶንግ አረፈ። ከ1949 ወዲህ በሕግ ተፈቅዶለት ዋናው ምድር ላይ ያረፈ የመጀመሪያው የታይዋን መንገደኛ አውሮፕላን ሆነ። በዚያ በዓል 16 ቻርተር በረራዎች ተደረጉ። ሁሉም ሆንግ ኮንግ ወይም ማካዎ ላይ ማንም ሳይወርድ፣ ማንም ሳይሳፈር ለፖለቲካው ሲባል ብቻ አርፈው ተነሡ።

በጃንዋሪ 2005 የሁለቱ ወገን የአቪዬሽን ማኅበራት ማካዎ ላይ ተቀምጠው ሌላ ደረጃ ወጡ። አሁን የሁለቱም ወገን አየር መንገዶች ይበራሉ፤ ማረፍም ቀረ። አውሮፕላኑ በሆንግ ኮንግ የአየር ክልል ውስጥ አልፎ ይዞራል እንጂ መሬት አይነካም። ጃንዋሪ 29 ቀን ከጓንግዙ የተነሣው የቻይና ሳውዘርን አውሮፕላን ታይፔ ሲያርፍ፣ ከ56 ዓመት በኋላ ከዋናው ምድር የመጣ የመጀመሪያው መንገደኛ አውሮፕላን ነበር። ለበዓሉ ከሁለቱም በኩል 48 በረራዎች ተደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ቻርተሩ ወደ ሌሎች በዓላትም ተዘረጋ።

2008 ሁሉም ነገር የተፋጠነበት ዓመት ነው። በማርች የታይዋን ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ማ ዪንግ ጂዩ ሥልጣን በያዘ በአንድ ወር ውስጥ፣ ጁን 13 ቀን፣ የታይፔው ተደራዳሪ ቺያንግ ፒን ኩንግና የቤይጂንጉ ቼን ዩንሊን ቤይጂንግ ላይ ተፈራረሙ። ጁላይ 4 ቀን የሳምንት መጨረሻ ቻርተር ተጀመረ፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ። ከጓንግዙ የተነሣውን የመጀመሪያ አውሮፕላን ያበረረው የቻይና ሳውዘርን ሊቀ መንበር ሊዩ ሻዎዮንግ ራሱ ነው። ያም ሆኖ ከሻንጋይ የሚነሣው ሁሉ ገና በሆንግ ኮንግ ክልል በኩል ይዞር ነበርና፣ በረራው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል።

ኖቬምበር 3 ቀን ቼን ዩንሊን ታይፔ መጣ። ደጅ ላይ ብርቱ የተቃውሞ ሰልፍ ነበር፤ ውስጥ ግን በማግስቱ ስለ አየር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ፖስታና ስለ ምግብ ደኅንነት አራት ስምምነቶች ተፈረሙ። የአየሩ ስምምነት ዲሴምበር 15 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። የዚያን ቀን የሆነውን ከቅርብ ማየት ይገባል። አንድ አውሮፕላን ከአንድ የቁጥጥር ክልል ወደ ሌላ ሲያልፍ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ለሁለተኛው ያስረክበዋል፤ ከፍታውን፣ ሰዓቱንና የሚገባበትን ነጥብ አስቀድሞ ይነግረዋል። የታይፔና የሻንጋይ ተቆጣጣሪዎች ጎረቤቶች ሆነው ሳለ፣ ለስድሳ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ርክክብ አልነበራቸውም። አሁን በምሥራቅ ቻይና ባሕር ላይ አንድ የመተላለፊያ ነጥብ ተስማሙ። የታይፔው ተቆጣጣሪ ለአብራሪው የሻንጋይን የሬዲዮ ሞገድ ይሰጠዋል፤ አብራሪው ሞገዱን ለውጦ ሻንጋይን ይጠራል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይቀጥላል።

በዚህ ብቻ ከመንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀነሰ። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው ሰማንያ ደቂቃ ግድም ሆነ። ፍጥነት አልጨመረም፣ ሞተር አልተቀየረም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ግን ተረፈ፣ ነዳጁም አብሮ። ፖስታም በዚያው ዕለት በቀጥታ መሄድ ጀመረ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 23 ቀን፣ ቱዋን ቱዋንና ዩዋን ዩዋን የተባሉ ሁለት ፓንዳዎች በኢቫ አየር አውሮፕላን ከቼንግዱ ታይፔ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ፈጣን ነበር። በሳምንት 108 የነበረው በረራ ኦገስት 31 ቀን 2009 ቻርተር መሆኑ ቀርቶ መደበኛ ሲሆን 270 ደረሰ። በሀገር ውስጥና በዓለም አቀፍ መካከል ያለው ክርክር መሥመሩ የሁለቱ የሰርጥ ዳርቻዎች መሥመር በመባሉ ታለፈ፤ የሌላ አገር አየር መንገድም አይገባበትም። ጁን 14 ቀን 2010፣ ሻንጋይ ኤክስፖን በምታስተናግድበት ሰሞን፣ ከሶንግሻን ወደ ሆንግቺያኦ በረራ ተከፈተ። ለመንገደኛ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሁለቱም አየር ማረፊያዎች ከተማው ውስጥ ናቸው። ከታይፔ መሐል ቁርሱን የበላ ነጋዴ ሻንጋይ ስብሰባውን ጨርሶ ለራት ቤቱ መመለስ ቻለ። በ2015 ከዋናው ምድር ታይዋንን የጎበኘው ሰው ከአራት ሚሊዮን በለጠ።

የተሰጠ ፈቃድ ግን መልሶ ሊነጠቅ ይችላል። በማርች 2015 ሥራ የጀመረው ኤም 503 የተባለው መሥመር በሰርጡ መካከለኛ መሥመር አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ከድርድር በኋላ ስድስት የባሕር ማይል ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ ነበር የተከፈተው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ቤይጂንግ ከታይፔ ጋር ሳትነጋገር በዚሁ መሥመር ወደ ሰሜን የሚበረውን አቅጣጫም ከፈተች። ታይፔ በመልሱ ቻይና ኢስተርንና ሻመን ኤር ለጨረቃ አዲስ ዓመት የጠየቁትን 176 ተጨማሪ በረራዎች ሳታጸድቅ ቀረች። ለበዓል ትኬት የቆረጠው ሕዝብ እንደገና በሌላ ዙሪያ መንገድ ቤቱን ፈለገ። በፌብሩዋሪ 2020 ኮሮና መጣና ታይፔ በረራውን በዋናው ምድር ባሉ አምስት አየር ማረፊያዎች ብቻ ወሰነችው፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም በ2023 የተመለሰው በከፊል ነው። በ2024 መግቢያ ቤይጂንግ ያንን የስድስት ማይል ፈቀቅታ በራሷ ሰረዘች፤ በዚያው ዓመትና በ2025 ደግሞ ከኤም 503 ጋር የሚገናኙ ሦስት መሥመሮችን ከፈተች። ታይፔ ሁሉንም ተቃወመች፤ አልተነጋገሩበትምና።

ዛሬ ከታይፔ ሻንጋይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ግድም ተጽፎ ያገኛል። መንደርደሪያ ላይ ተራ መጠበቁና መውረዱ ተጨምሮበት ነው እንጂ አየር ላይ ያለው ጊዜ ያው የ2008ቱ ነው። ከታይፔ ፉጆ የሚሄደው ግን አሁንም አልታደለም። ከታኦዩዋን እስከ ፉጆ አየር ማረፊያ ቀጥታው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አውሮፕላኑ ግን ሰርጡን በቀጥታ መቁረጥ ስለማይፈቀድለት ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ዞሮ፣ መልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከአንድ ሰዓት በላይም ይፈጃል። በ1986 ሆንግ ኮንግ፣ በ2005 ማካዎ፣ በ2008 ታይፔ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከዚህ የከበደ ነገር ፈትተዋል። የዛሬዎቹም ለብቻ መሥመር መክፈቱንና ለብቻ መከልከሉን ትተው ተቆጣጣሪዎቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡ፤ ማዶ ለማዶ የሚኖሩት ቤተሰቦች ይህን ያህል ሊደረግላቸው ይገባል።